በፈረቃ የሚመጣ ጉልበት

ደብዳቤው ረጅም ነበር። ዋና ዋናውን ብቻ ላስቀምጥ።

«ሰላም እትዬ። 36 ዓመቴ ነው፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ፣ የምኖረው ኮተቤ ነው። የኩላሊት እጥበት ከጀመርኩ ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። ሐኪሜ በሳምንት ሦስቴ ብሎኝ ነበር፤ አቅማችን የፈቀደው ግን ሁለቴ ነው፣ ማክሰኞና ዓርብ። በግል ድርጅት ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ድካሙ ገደለኝ። ከእጥበት መልስ መድከሜስ ይሁን፣ በሌላው ቀን ምን ሆኜ ነው? ቅዳሜ ትንሽ ሻል ሲለኝ ልብስ አጥባለሁ፣ እጋግራለሁ፣ ለቅሶ ካለ እደርሳለሁ። እሑድ ከአልጋ መነሳት ያቅተኛል። አማቴ አብረውን ነው የሚኖሩት፤ ‹እኛ ስምንት ወልደን፣ ውሃ ከወንዝ እየቀዳን እንዲህ አልሆንንም› ይላሉ። ባለቤቴ ደግ ሰው ነው፣ ወጥ ቤት ግን አይገባም። ትንሿ ልጄ በሰባት ዓመቷ ሰሃን ማጠብ ጀምራለች፣ ትልቁ ወንድ ነው፣ 12 ዓመቱ ነው። ባለፈው ሄሞግሎቢንሽ 7.8 ነው ብለው መርፌ አዘውልኝ ነበር፣ ለዚህ ወር ይለፈኝ ብዬ ትቼዋለሁ። አንዳንዴ እውነትም ሰንፌ ይሆን እንዴ እላለሁ። ቀኔን እንዴት ላብቃቃው? የደከማት ነኝ።»

የኔ እህት፣ ሰነፍ ሰው ቅዳሜ ማለዳ ተነስቶ ልብስ አጥቦ እንጀራ አይጋግርም። የስንፍናውን ነገር እዚሁ ዘግተን እንለፍ።

እኔም የማሽን ሰው ነኝ፣ ስድስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሐኪም አይደለሁም። የምነግርሽ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ የተማርኩትን፣ ሲስተሮቹን እየነዘነዝኩ የጠየቅኩትን፣ አንዳንዱን ደግሞ ተሳስቼ ዋጋ የከፈልኩበትን ነው።

ቀንሽን ስለማብቃቃት ነው የጠየቅሽኝ፣ የእኔ ዓይን ግን የቀረው መጨረሻ ላይ ጣል አድርገሽ ባለፍሻት ነገር ላይ ነው። ሄሞግሎቢን፣ ማለት በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው፣ 7.8! ይሄ እንዲህ በዋዛ የሚታለፍ ነው? የኩላሊት ሥራ ሽንት ማውጣት ብቻ አይደለም። ኤሪትሮፖየቲን የሚባል ሆርሞን ያመርታል። መቅኒን «ደም ሥራ» ብሎ የሚያዘው ይሄ ሆርሞን ነው። ኩላሊቱ ሲደክም ትእዛዙ ይቀራል፣ ደም ያንሳል። የጤነኛ ሴት ሄሞግሎቢን 12 እና ከዚያ በላይ ነው። እጥበት ላይ ላለን ሰዎች ሐኪሞቹ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 11.5 አካባቢ እንዲቆይ ይፈልጋሉ። በ7.8 ደረጃ መውጣት ግማሽ ኩንታል ጤፍ ተሸክሞ እንደመውጣት ነው። ስለዚህ ያ መርፌ ቪታሚን አይደለም፣ «ለዚህ ወር ይለፈኝ» የሚባልም አይደለም፤ ያንን ትእዛዝ በኩላሊትሽ ፈንታ የሚያደርሰው እሱ ነው። ብቻውን ግን አይሠራም፣ አይረን፣ ማለት የብረት ማዕድን፣ ይፈልጋል። አይረንሽ ስንት እንደሆነ ተለክቶ ያውቃል? ካልተለካ ጠይቂ። መርፌው ግፊት ከፍ ሊያደርግ ስለሚችል ግፊትሽን እየተለካሽ ነው የምትወስጂው። ለውጡም በሳምንታት ነው የሚታየው፣ ማክሰኞ ተወግቼ ሐሙስ አልበረታሁም ብለሽ እንዳታቆሚው።

ገንዘብ ነው የቸገረሽ፣ ገብቶኛል። ግን አለመግዛትሽን ለሐኪምሽ ነግረሻል? አብዛኞቻችን አንናገርም፣ እናፍራለን። እኔ ራሴ ሁለት ወር ሙሉ «እየወሰድኩ ነው» ብዬ ዋሽቻለሁ። ዶክተሩ ደሜ ለምን እንደማይጨምር ግራ ገብቶት ሌላ ምርመራ አዘዘ፣ የምርመራው ዋጋ ከመርፌው በለጠ። «አልቻልኩም» ብትይው ሌላ መንገድ ካለ እሱ ነው የሚያውቀው።

አሁን ወደ አማትሽ እንምጣ። ጤነኛ ኩላሊት በሳምንት ስንት ሰዓት ይሠራል? 168። ቀን የለው፣ ሌሊት የለው፣ በዓል የለው። ያንቺ ማሽን ግን አራት አራት ሰዓት ሁለቴ፣ በድምሩ 8 ሰዓት ነው የሚሠራልሽ። ሦስቴ ብትታጠቢ እንኳ 12 ነው። በቀረው ሰዓት ሁሉ ቆሻሻውና ውሃው እየተጠራቀመ ነው፣ አንቺ ግን በዚያው ሰውነት ሒሳብ ትሠሪያለሽ፣ ታጥቢያለሽ፣ ትጋግሪያለሽ። ስምንት የወለዱት እማማ የሚሠሩ ሁለት ኩላሊቶች ነበሯቸው፣ ከወንዝ የቀዱትም በእነሱ ጉልበት ነው። ይሄንን በዚህ አፍሽ እንዳትነግሪያቸው፣ እኔ ተናገርኩት ይበቃል። ብቻ በመሃል ገንዘብ ከየትም ይምጣ ከየት፣ ለቤት ዕቃ ከመዋሉ በፊት ለሦስተኛዋ እጥበት ይሁን።

አዲስ አበባ እየኖርሽ ውሃ በፈረቃ ሲመጣ እንዴት እንደሚኖር አላስተምርሽም። ሌሊት ቧንቧው ሲንፏፏ ሰምተሽ ትነሻለሽ፣ በርሜሉን ትሞያለሽ፣ ጀሪካኑን ትሞያለሽ። ከዚያ እስከሚቀጥለው ፈረቃ ማንም ሳያዝሽ ትመድቢዋለሽ፦ ይሄ ለመጠጥ፣ ይሄ ለወጥ፣ ልብስ የታጠበበት ለሽንት ቤት። እንግዳ መጣ ብለሽ በርሜሉን አትደፊውም። የእኛም ጉልበት በፈረቃ ነው የሚመጣው። አንቺ ቅዳሜ ጠዋት ሞልቶ ስታዪው እስከ ማታ ትጨርሺዋለሽ፣ እሑድ ጠብታ የለም። ጎበዝ ባለሙያ ስለሆንሽ ነው እንጂ ስለሰነፍሽ አይደለም፤ ጤነኛ ሳለሽ ቅዳሜን እንደዚያ ነበር የምታሳልፊው፣ እጅሽ ያንን አልረሳም።

የአብዛኞቻችን ሳምንት ይመሳሰላል። የእጥበት ቀን ከሰዓት በኋላ ያው ነው፣ ተኝተሽ የምታሳልፊው። ማግስቱ ይሻላል፣ ላንቺ ረቡዕና ቅዳሜ ማለት ነው። ሰኞ ደግሞ ከባድ ነው፣ ምክንያቱም ከዓርብ እስከ ማክሰኞ ያለው ክፍተት ረጅሙ ነው፣ የተጠራቀመውም ያን ያህል ነው። ግን የእኔን ሳምንት አትውሰጂ። ከልጆቹ ደብተር አንድ ገንጥለሽ ለሁለት ሳምንት ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ ጉልበትሽን ከአምስት ስንት እንደሆነ ጻፊ፣ አጠገቡ የዋልሽበትን ጻፊ። የሒሳብ ሰው ነሽ፣ ገቢና ወጪ ነው ብለሽ ያዢው። እኔ ስጽፍ የደነገጥኩት ምን ላይ መሰለሽ? የሚጥለኝ ልብስ ማጠቡ ነው ብዬ ነበር፣ ለካ የታክሲ ሰልፉ ነው! አርባ ደቂቃ ቆሜ፣ ተገፍቼ፣ ተጣብቄ ተቀምጬ የገባሁ ቀን ሌላ ምንም አልሠራም። ከዚያ ወዲህ ከሌላው ቆጥቤ ከእጥበት ስመለስ የኮንትራት ታክሲ እይዛለሁ። ስትነሺም ቀስ ብለሽ፣ መጀመሪያ ተቀምጠሽ፣ ከዚያ ቆመሽ። ብቻሽን ባትመለሺ ደግሞ ደግ ነው።

እንጀራውን ተይው።

አውቃለሁ፣ አሁን ልትቆጪኝ ነው። ግን ቁጭ ብለን እናስላው። ሁለት ሦስት ሰዓት ምጣድ ፊት ነሽ። ሙቀቱ ያስጠማል። ሲጠማሽ ትጠጫለሽ። 1 ሊትር ውሃ ማለት 1 ኪሎ ነው፣ ሽንትሽ ከቀነሰ የትም አይሄድም፣ እስከ ማክሰኞ ተሸክመሽው ትቆያለሽ። ማክሰኞ ማሽኑ ያንን ሁሉ በአራት ሰዓት ሊስበው ነው። ብዙ ውሃ በአጭር ጊዜ ሲሳብ ግፊት ይወርዳል፣ እግርሽን ክራምፕ ይይዝሻል፣ ከእጥበት መልስ ያለው ድካም እጥፍ ይሆናል። የቅዳሜን እንጀራ አንዴ ቅዳሜ፣ አንዴ ማክሰኞ ነው የምትከፍዪበት። ጨውም እንደዚያው ነው፣ ጨው የበዛበት ወጥ የበላ ሰው ውሃ አትጠጣ ቢሉት አይሰማም። በርበሬና ሽሮ ስታስፈጪ ጨው ከውስጡ ይቅር፣ የፈለገ ከማዕድ ላይ ይጨምር። አንድ ነገር ግን ልጨምር፦ «የጨው ምትክ» ተብለው የሚሸጡትን ሳትጠይቂ እንዳትገዢ፣ ብዙዎቹ ፖታሲየም ናቸው፤ ኩላሊት ካላወጣው ደም ውስጥ ተጠራቅሞ ልብን የሚያውክ ማዕድን ነው።

ሰፈርሽ ውስጥ ጋግረው የሚሸጡ ሴቶች አይጠፉም። አማትሽ የተገዛ እንጀራ አልበላም ካሉ፣ በሳምንት አንዴ አንዲት የቀን ሠራተኛ ትምጣ፣ አብሲቱንም ምጣዱንም እሳቸው እየተቆጣጠሩ ያስጋግሩ። እሳቸውም ደስ ይላቸዋል፣ አንቺም ታርፊያለሽ። ፊስቱላ፣ ማለት ለእጥበቱ መርፌ ተብሎ ክንድ ላይ ሁለት የደም ሥሮች በቀዶ ሕክምና የሚገናኙበት፣ ከተሠራልሽ ደግሞ በዚያ እጅ ጀሪካን፣ ዘምቢል፣ አክንባሎ የለም። ቀላል ቀላሉን ሥሪበት፣ ጭራሽ አይነካ አልተባለም፤ ከባድ ሸክም፣ የግፊት መለኪያና የደም ናሙና መርፌ ግን በዚያ እጅ አይሆንም። ጠዋት ጠዋት ንዝረቱን ዳሰስ አድርጊው፣ የጠፋ ቀን ለነገ አትበዪ።

ባለቤትሽ ደግ ነው፣ ወጥ ቤት ግን አይገባም አልሽኝ። እሱ እጁ ላይ ፊስቱላ አለ? የ12 ዓመቱ ልጅሽስ? የሰባት ዓመቷ በርጩማ ላይ ቆማ ሰሃን ስታጥብ እሱ የት ነው? ይቅርታ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ንድድ ብሎኛል። ከእንግዲህ «እርዱኝ» አትበዪ። እርዱኝ ስትዪ ሥራው ያንቺ ሆኖ ይቀራል፣ እነሱ ውለታ ይውላሉ፣ አንቺ ታመሰግኛለሽ፣ ሲረሱት ደግሞ መልሶ ያንቺ ነው። አከፋፍዪው። «ማክሰኞና ዓርብ ራት ያንተ ነው።» በቃ። የመጀመሪያው ሳምንት ፓስታ ይሆናል፣ ሁለተኛውም ፓስታ ይሆናል፣ የሞተ ሰው የለም። ውሃ መቅዳትና ሰሃን ለትልቁ ልጅ፣ ትንሿ ጠረጴዛ ትወልውል። ስትሠሪም ተቀምጠሽ ሥሪ፤ ሽንኩርት ቆሞ ካልተከተፈ ወጥ አይሆንም ያለ የለም።

እማማን ደግሞ አንድ ማክሰኞ ይዘሻቸው ሂጂ። የሚፈቀድ ከሆነ ገብተው ይዩ፣ ካልተፈቀደም ከበር ቁጭ ብለው ይጠብቁ። የእኔ ታላቅ ወንድም «ተኝተሽ ቴሌቪዥን ማየት ነው አይደል?» ይለኝ ነበር። አንድ ቀን ሾፌር ሆኖ አመጣኝ፣ መርፌዎቹ ሲገቡ አየ፣ ደሜ በቱቦው ወጥቶ ሲመለስ አየ፣ ሦስተኛው ሰዓት ላይ ግፊቴ ወርዶ ስዝለፈለፍ አየ። ወደ ቤት ስንመለስ አንድ ቃል አልተናገረም። ማታ ስልክ ደውሎ «በልተሻል?» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ቴሌቪዥን አንስቶ አያውቅም። አማትሽ ክፉ አይመስሉኝም። ድካም አይታይም፤ ቁስል ቢሆን ኖሮ እሳቸው ራሳቸው ያጥቡልሽ ነበር።

ከሥራው ይልቅ የሚገድለን ግን ይሉኝታው ነው። ለቅሶ አለመድረስ ያማል፣ ሰው ምን ይለኛል የሚለው ሌሊት እንቅልፍ ይነሳል። ግን በመጀመሪያው ቀን ሄደሽ ድንኳን ውስጥ እንጀራ ስታቀርቢ መዋል የለብሽም። በሦስተኛው ቀን፣ በተሻለሽ ሰዓት፣ ግማሽ ሰዓት ተቀምጠሽ ውጪ፤ ሐዘንተኛው መምጣትሽን እንጂ ሰዓቱን አይቆጥርም። ለሴቶች ዕድራችሁ ኃላፊ በግልጽ ንገሪያት፦ የሥራ ተራሽን በገንዘብ ተኪ፣ ወይ ሒሳቡን ያዢላቸው። የሒሳብ ሰው ያላት ዕድር እድለኛ ናት፣ ደስታውን አይችሉትም። ቡናም ላይ እንደዚሁ። ስኒሽን ውሃ ሙያትና በልጆች ሽሮፕ መለኪያ ለኪያት፣ ስንት ሚሊ ሊትር እንደሆነ እወቂ። ሾርባው፣ ሻዩ፣ ቡናው፣ ሁሉም ከዕለቱ ውሃሽ ነው የሚቆጠረው። አቦሉን ጠጪ፣ ቶናና በረካውን በወሬ።

ደግሞ ደክሞሻል ሲሉ «ለጉልበት» ብለው የሚያመጡልሽ ነገር አለ። አቮካዶ ጁስ፣ ሙዝ፣ ተምር። ፍቅር ነው፣ ግን በፖታሲየም የተሞላ ፍቅር ነው፣ በተለይ እሑድና ሰኞ፣ ማሽኑ በራቀሽ ሰዓት አደጋ ነው። ድንች ስትቀቅዪ ልጠሽ፣ ከትፈሽ፣ ቀቅለሽ ውሃውን ድፊው። ሥራ ሥር የሚያመጣልሽን አመስግነሽ መልሺው። ጠበል ተጠመቂ፣ እኔም እጠመቃለሁ፤ መጠጣቱ ግን በጀሪካን ሳይሆን በስኒ ይሁን፣ መድኃኒትሽንም አታቋርጪ። ጾሙን አልጠየቅሽኝም፣ ግን ሁሉንም እየጾምሽ ከሆነ ለንስሐ አባትሽ ሕመምሽን ዘርዝረሽ ንገሪያቸው። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ታቀልላለች። እጥበት ላይ ያለ ሰው ፕሮቲን ያጣል፣ እንቁላል ያስፈልገዋል፣ በተለይ ነጩ ጥሩ ነው። ሽሮና ምስር ብቻ እየበሉ መክረም ደግሞ ፖታሲየሙንም ፎስፈረሱንም ያበዛዋል።

ስለ ሥራሽ ትንሽ ነገር ልበል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት የሕመም ፈቃድ በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ፣ በተከታታይም ይሁን በተለያየ ጊዜ ተወስዶ፣ ከስድስት ወር አይበልጥም። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩ ሁለት ወር ግማሽ፣ የቀረው ሦስት ወር ያለ ክፍያ ነው። በሳምንት ሁለት ሙሉ ቀን እየቆረጥሽ ብትወስጂ ባለሙሉ ክፍያዋ ወር በሦስት ወር ተኩል አካባቢ ታልቃለች። ስለዚህ ፈቃድ ከመሙላትሽ በፊት ከአለቃሽ ጋር ስለ ሰዓት ተነጋገሪ። የእጥበት ተራሽ ወደ ከሰዓት ቢዛወር ጠዋት መግባት ትችያለሽ? አንዳንድ ሥራ ከቤት ይሠራል? ረቡዕን ከባዱን ሥራ የምትሠሪበት ብታደርጊውስ? ማዕከሉንም ጠይቂ፣ ተራ አንዳንዴ ይቀየራል።

አንድ የማስፈራሽ ነገር አለ። ድካም ሁሉ ድካም አይደለም። እግርሽ በድንገት ከከዳሽ፣ ልብሽ ዝብርቅርቅ ብሎ ከመታ፣ ጋደም ስትዪ ትንፋሽ ካጠረሽና ቁጭ ብለሽ ማደር ካማረሽ፣ ይሄ ተኝተሽ የሚያልፍ አይደለም። ፖታሲየም ወይ ውሃ ሊሆን ይችላል። ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ሂጂ፣ ማክሰኞ ይደርሳል አትበዪ። ሌላው ደግሞ ጭራሽ ያለመንቀሳቀስ ነው። በደህናው ቀን አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ወክ አድርጊ፣ ቀስ ብለሽ፣ ጫማሽን ብቻ እያየሽም ቢሆን። እኔ አልጋ ላይ በዋልኩ ቁጥር ጡንቻዬ አልቆ ደረጃው ይበልጥ ራቀኝ። ማልቀስ ብቻ ካማረሽ፣ ምንም ደስ ካላለሽ፣ ይሄንንም ለሐኪምሽ ንገሪው፣ እሱም ሕክምና አለው።

የፊታችን ቅዳሜን እንዲህ ሞክሪያት። ልብሱ በሁለት ይከፈል፣ የልጆቹ ዩኒፎርም ብቻ ቅዳሜ ይታጠብ፣ አንሶላው ይቆይ። እንጀራው ይገዛ። ጠዋት አንድ ሥራ፣ ከዚያ ጋደም፣ ከሰዓት አንድ ሥራ። ማታ በርሜሉ ውስጥ ትንሽ ሲተርፍ «ኧረ ይሄንን ልጨርሰው» የሚል ነገር ይመጣብሻል። ያንን ትራፊ ለእሑድ አሳድሪው፤ ከልጆችሽ ጋር ቁጭ ብለሽ ብትስቂበት ይሻላል።

መርፌውን ግን ነገ። የሚቀጥለው የደም ውጤትሽ ሲመጣ ቁጥሩን ላኪልኝ፣ እማማም ማክሰኞ ከእጥበት ቤት ሲወጡ ምን እንዳሉ ንገሪኝ።